ራም የበዛለት ኮምፒዩተር ዊንዶውስ አልቀበልም ሲል ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ስንጽፍ መቆየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ግን አንዳንድ ቤተ ሰቦች ብዙ ገንዘብ ያወጡበት ኮምፒዩተር ስላስቸገራቸው ምክር ጠይቀውናልና፥ ስለዚሁ ጉዳይ የምናውቀውን ልንጽፍ ወደድን። ጥያቄው በአጭር ቃል እንዲህ የሚል ነው፤ «ሥራው እንዲፈጥን ብለን ለኮምፒዩተራችን ብዙ ራም ጨመርንለት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዊንዶውስ አልጫንበት አለ። ሀብት ተጨምሮለት ሳለ ስለ ምን ደከመ?»

ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በከተማችን የኮምፒዩተር ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ብቻ እንደ ሆነ ተደርጎ ከታሰበ ሰንብቷል፤ እርሱም «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ቃል ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እንደሌለ ቈጥሮ ቦታውን ለአዲስ ጽሕፈት ማዘጋጀት ነው። ሕመሙ ከዲስኩ ሳይሆን ከራሙ የመጣ እንደ ሆነ፥ ይህን የሚያደርግ ሰው ንጹሑን ቀጥቶ ጥፋተኛውን በሰላም አሰናበተ ማለት ነው።

አስቀድመን ስሞቹን እንለይ። ሃርድ ዲስክ የመዝገብ ቤት ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈው አይጠፋም። ራም ግን የጸሐፊው ጠረጴዛ ነው፤ ጸሐፊው መዝገቡን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ዘርግቶ የሚሠራው በጠረጴዛው ላይ ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁሉ ይጠረጋል። ሥርዓተ ክወና የተባለው፥ ዊንዶውስም ሆነ ሌላ፥ ለሁሉ ሥራና ቦታ የሚያድል አዛዥ ነው። ጠረጴዛው በሰፋ መጠን ብዙ መዝገብ በአንድ ጊዜ ይዘረጋልና የራም መብዛት በእውነት ይጠቅማል። (ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ አልባውን ቴሌግራፍ አባቶቻችን የጠሩበት ስም ነው፤ የውጭውን ቃል ሳይበደሩ ነገሩን ዐይተው ስም አወጡለት። እኛም ራምን «ማኅደረ ትውስታ» ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ስም ሱቅ ሄዶ የጠየቀ ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ሰግተን በሚታወቅበት ስም ጠርተነዋል።)

አሁን በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በጎፋ ሰፈር በሚኖር አንድ ቤተ ሰብ የደረሰውን እንንገራችሁ። አባትየው የሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላቱ ስም፥ የየወሩ መዋጮ፥ ለሐዘንተኛ የተሰጠው ገንዘብ ሁሉ፥ የ11 ዓመት መዝገብ በቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ ይገኝ ነበር። ልጃቸው የሕንጻ ንድፍ ትማራለችና ኮምፒዩተሩ ለትምህርቷ ደካማ ሆነባት። አባትም ከነበሩት ባለ 4 ጊጋባይት ሁለት ራሞች ላይ ባለ 16 ጊጋባይት ሁለት ራሞች ገዝተው አስጨመሩ፤ በጠቅላላው 40 ጊጋባይት ሆነ። አዲስ ዊንዶውስም እንዲጫን አዘዙ።

ጭነቱ ተጀመረ፤ ከግማሽ ሳይደርስ «የሚያስፈልጉት ፋይሎች ሊጫኑ አልቻሉም» የሚል ጽሑፍ አወጣና ቆመ። ዳግመኛ ሲሞከር በሌላ ቦታ ቆመ፤ ሦስተኛ ሲሞከር ሰማያዊ ሆኖ ጠፋ። የጥገናው ባለሙያ ፍላሹን ሦስት ጊዜ ለወጠ፤ በመጨረሻም «አባቴ፥ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርገን እንሞክረው» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ መዝገቡ የእኔ ቢሆን እሺ ባልሁህ፤ የሰፈሩ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» ብለው ከለከሉት። ይህች አንዲት ቃል የ11 ዓመቱን መዝገብ አዳነች።

ነገሩ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ አንድ ምልክት አየን። ጭነቱ በየጊዜው የሚቆመው በልዩ ልዩ ቦታ ነበር። ፍላሹ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በተበላሸው ፋይል ላይ ሲደርስ በቆመ ነበር። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚሰናከል ግን ጠረጴዛው የሚነቃነቅበት ጸሐፊ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን በፍላሹ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ፋይል ወደ ራም ገብቶ ይፈታል፤ ከተፈታም በኋላ ትክክል መሆኑ ይመረመራል። ከራሙ አንዲት ነጥብ የተሰጣትን ቁጥር አጣማ ብትመልስ ፋይሉ «ተበላሽቷል» ይባላል፤ ጫኚውም የሚከሰው ፍላሹን ወይም ዲስኩን ነው እንጂ ራሙን አይጠራም። ክሱ በሐሰት ላይ የቆመ ቢሆንም ሐሳዊው ግን ጫኚው አይደለም፤ እርሱ የደረሰውን ብቻ ነው የተናገረው።

ውጤቱን ከመንገራችን በፊት፥ የራም ብዛት ራሱ እንቅፋት የሆነበት ጊዜ እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል፤ ከዚያ ዘመን የቀረ ምክር ዛሬም ያለ ቦታው ሲነገር እንሰማለንና።

በሰኔ ወር 1990 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 98 ለሥራው የሚጠይቀው ራም 16 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ኋላ ራም እየረከሰ ሄደና ሰዎች ከ512 ሜጋባይት በላይ አስገቡበት፤ ይህን ጊዜ ያ ዊንዶውስ አልነሣም አለ፤ የሰጠውም ምክንያት «ራም አነሰኝ» የሚል ነበር። ያየው ሁሉ ሳቀበት። ምክንያቱ ግን እንዲህ ነበር፤ ያ ዊንዶውስ ራም ባገኘ ቍጥር ከዲስክ የሚመጡትን ፋይሎች ለጊዜው የሚያከማችበትን ጎተራ ያሰፋ ነበር። እህል የበዛለት ባለጸጋ ጎተራ በጎተራ ላይ እየሠራ ግቢውን ቢሞላው ለቤተ ሰቡ ማደሪያ እንደሚያጣ ሁሉ፥ ጎተራው የአድራሻውን ቦታ ሁሉ ስለ ያዘው ለሌላው ሥራ ቦታ ጠፋ። መድኃኒቱም ራም መጨመር ሳይሆን የጎተራውን ልክ በጽሑፍ መወሰን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው እንቅፋት የቁጥር ነው። በ32 ቢት የሚሠራ ሥርዓት ለእያንዳንዱ የራም ቦታ የሚሰጠው ቁጥር 2 በራሱ 32 ጊዜ ተባዝቶ ከሚገኘው አይበልጥም፤ ይህም 4,294,967,296 ሲሆን በተለመደው አነጋገር 4 ጊጋባይት ይባላል። ቀበሌ የቤት ቁጥር የሚሰጥበት መዝገብ እስከ 4,000 ብቻ ቢሆን፥ ከዚያ በኋላ የተሠራው ቤት ምንም ያማረ ቢሆን ደብዳቤ እንደማይደርሰው ያለ ነው። ከነዚህም ቁጥሮች ከፊሉን ለሥዕል ማሳያውና ለሌሎቹ መሣሪያዎች መስጠት ግድ ነው። ስለዚህ 4 ጊጋባይት ገዝቶ በ32 ቢት ዊንዶውስ የሚሠራ ሰው ኮምፒዩተሩ 3 ከምናምን ብቻ ሲያሳየው ተሰረቅሁ ብሎ ሻጩን መክሰስ አይገባውም። በፍላሽ ላይም ይኸው ቁጥር ይገኛል፤ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የዊንዶውስ መጫኛ ዋናው ፋይል ከዚህ በላይ የሆነ እንደ ሆነ በዚያ ፍላሽ ላይ መገልበጥ አይቻልም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትዝታ ያለው ግን ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ለሕዝብ የቀረበው በጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሆን «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ዊንዶውስ እርሱ ነበር። ከዚያ በፊት በየቢሮው የሚሠራባቸው የግዕዝ መጻፊያዎች አብዛኞቹ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ ደርበው የሚጽፉ ስለ ነበሩ፥ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር፤ ይህን ያላየ የቢሮ ሰው የለም። ፊደላችን በስሙና በቁጥሩ የሚታወቅበትን ዊንዶውስ ብዙ ሰው በጉጉት ቢጠብቅ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ይኸው ቪስታ ከ3 ጊጋባይት በላይ ራም ባላቸው አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲጫን በሰማያዊ ገጽ ይቆም ነበር። በነዚያ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ከዲስክ ወደ ራም ዕቃ የሚያመላልሰው ክፍል እጁ ከ4 ጊጋባይት በታች ባሉት ቁጥሮች ላይ ብቻ ይደርስ ነበርና። ማይክሮሶፍት ራሱ የሰጠው ምክር «ራሙን ቀንሱ፤ ጫኑ፤ ማስተካከያውን ጨምሩ፤ ከዚያ ራሙን መልሱ» የሚል ነበር። ይህ ምክር መልካም ሆኖ ስለ ሠራ፥ ቪስታ ድጋፉ በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም በጥገና ሰዎች አፍ ቀርቷል።

ዛሬ ግን ዘመኑ ተለውጧል። ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት ያነሰ ራም አይቀበልም፤ ለቤት የሚሆነው ዓይነቱ እስከ 128 ጊጋባይት ይይዛል። የዊንዶውስ 10 የተለመደ ድጋፍም በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እንግዲህ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒዩተር ዛሬ ዊንዶውስ አልቀበልም ቢል፥ «ራሙ በዛበት» የሚለው ፍርድ እውነት አይደለም። ራሙን ሲቀንሱለት መጫኑ እውነት ነው፤ የተጫነው ግን ብዛቱ ስለ ተቀነሰ ሳይሆን በሽተኛው ራም ከመካከል ስለ ወጣ፥ ወይም የማይስማሙት ስለ ተለያዩ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ኮምፒዩተሩን ከጫነ በኋላ በሽተኛውን ራም መልሶ ይሰካና፥ ከወር በኋላ ልጁ የጻፈችው ጽሑፍ ሲበላሽ ምክንያቱን ያጣዋል።

ራሞች የማይስማሙበት ነገር ብዙ ነው። ዲዲአር3፥ ዲዲአር4ና ዲዲአር5 የሚባሉት ትውልዶች መሰኪያቸው የተለያየ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በኃይል የሚያስገባ ካልተገኘ በቀር (ተገኝቶም ያውቃል)። አንድ ትውልድ ሆነው ፍጥነታቸው የሚለያይ ሲሆን ግን ይገባሉ፤ ሁሉም በዘገምተኛው እርምጃ መሄድ ይገባቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሳይስማሙ ይቀራሉ። ከትላልቅ የድርጅት ኮምፒዩተሮች የተነቀሉ «ሬጅስተርድ» የሚባሉ ራሞች ደግሞ በርካሽ ይሸጣሉ፤ በመልክ ይመሳሰላሉ፥ በተለመደው የቤት ኮምፒዩተር ላይ ግን አይሠሩም። የርካሽ ነገር ዋጋው ኋላ ነው።

ሌላው የፍጥነት ጉዳይ ነው። በራሙ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት የሚገኘው በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለውን ሥርዓት በመክፈት ነው። ሁለት ራም ብቻ ሲሰካ ይህ ይሳካ ይሆናል፤ አራቱም መሰኪያ በሞላ ጊዜ ግን ሸክሙ ይከብዳልና ያንኑ ፍጥነት መሸከም ያቅታል። አራት በቅሎዎች አንድ ላይ ተጠምደው እንደ አንዲት የግልቢያ በቅሎ ይሩጡ ቢባል አይሆንም። ዊንዶውስ በሚጫንበት ሰዓት ይህን መዝጋትና ራሙ በተለመደው እርምጃው እንዲሄድ መተው ብልህነት ነው።

አዲስ ኮምፒዩተር የገዙም አንድ ነገር ይወቁ። ዲዲአር5 የሚቀበል ኮምፒዩተር ብዙ ራም ተሰክቶለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ፥ ራሙን እየፈተነና ከእርሱ ጋር እየተለማመደ ብዙ ደቂቃ ገጹ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ይህን ጊዜ «ሞቷል» ብለው መብራቱን የሚነቅሉበት አሉ፤ እርሱም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እነርሱም እንደ ገና ይነቅሉታል። ቡና አፍልቶ እስኪጠጣ መታገሥ ይበቃል።

እንግዲህ ወደ ጎፋው ቤት እንመለስ። በመጀመሪያ መዝገቡ ያለበትን ዲስክ ከኮምፒዩተሩ አስወጥተን፥ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሰክተን የዕድሩን መዝገብ በሁለት ቦታ አስገለበጥን። ይህ ሳይደረግ ወደ ሌላው ሥራ መግባት አይገባም። ዲስኩ እየሞተ ነው የተባለው ዲስክም ያለ አንዳች ስሕተት አነበበ።

ከዚያም በመጽሐፈ ሶስና ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሎች ለየብቻ እንደ መረመራቸው፥ አራቱን ራሞች ለየብቻ መረመርን። በፍርድ ቤትም ቢሆን ምስክሮች በአንድነት ቆመው ቢጠየቁ የአንዱ ሐሰት በሌላው እውነት ይሸፈናል። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፥ ገመዱን ከመብራት ነቅለን፥ ከሰውነታችን የሚወጣው ስውር የኤሌክትሪክ ኃይል ራሙን እንዳይጎዳው አስቀድመን የሣጥኑን ብረት በእጃችን ነካን። አራቱንም አወጣናቸው። ከቆዩት በአንደኛው የወርቅማ ጥርሶች ላይ ቆሻሻ ስለ ነበረ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጠረግነው። ከዚያም አንዱን ብቻ፥ የማዘርቦርዱ መጽሐፍ በሚያዝዘው መሰኪያ ላይ ሰካን።

ለምርመራው ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለውን ፕሮግራም ተጠቀምን። ይህ በነጻ የሚገኝ ሲሆን በፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ ያለ ዊንዶውስ ብቻውን ይነሣል፤ በራሙ ላይ ቁጥር እየጻፈ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው ሳይገናኝ ሲቀር በቀይ ያስታውቃል። በራም ምርመራ ላይ ይቅርታ የለም፤ አንዲት ስሕተት ብቻ ብትገኝም ራሙ ይጣላል። ሁለቱ የቆዩት ራሞች ንጹሓን ሆነው ተገኙ። ከአዲሶቹም አንዱ ንጹሕ ሆነ። አራተኛው ግን፥ በሰም የታሸገው፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው፥ ምርመራው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ገጹን በቀይ መስመር ሞላው። እንዲህ ያለው ፍርድ በመሰኪያው ጉድለት እንዳይሆን በማለት በሌላ መሰኪያ ላይ አድርገን ደገምነው፤ ያው ሆነ።

እዚህ ላይ የጸሐፊነት ልማዳችን ጠቀመን። የቀዩን ገጽ ፎቶግራፍ በስልክ አንሥተን፥ የራሙን ቁጥርና የተገዛበትን ደረሰኝ ከፎቶግራፉ ጋር አያይዘን አባትየው ወደ ሱቁ ይዘውት እንዲሄዱ አደረግን። ሻጩ በመጀመሪያ «የእናንተ ኮምፒዩተር ነው ያበላሸው» ብሎ ነበር፤ ማስረጃውን ባየ ጊዜ ግን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ አየው፤ ያለ ተጨማሪ ቃልም በሌላ ለወጠላቸው። ደረሰኝ የማይቀበል ገዢ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ዊንዶውስን ግን የተለወጠውን ራም እስኪያገኙ አልጠበቅንም። ንጹሕ በሆነው በአንዱ ባለ 16 ጊጋባይት ብቻ ጫንነው፤ ያው ፍላሽ፥ ያው ዲስክ፥ ሳይቆም ጨረሰ። ተለዋጩ ራም ሲመጣም ለብቻው ተመርምሮ ከጓደኛው ጋር ተሰካ። የቆዩትን ሁለት ባለ 4 ጊጋባይቶች እንዲያወጧቸው መከርን፤ ከ40 ወደ 32 መውረድ ለልጂቱ ምንም አያጎድልባትም፥ የተስማሙ ሁለት ግን ከሚጨቃጨቁ አራት ይሻላሉ። እርስዋም «አባባ፥ እነዚያን ለአክስቴ ኮምፒዩተር እንስጣቸው» አለች፤ ተሰጡም።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ይቀሩናል። ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩ በጥልቅ እንቅልፍ ሲተኛ በራም ላይ ያለውን የሚያኖርበትን ፋይል በዲስኩ ላይ ያዘጋጃል፤ በተለመደው አሠራር የራሙን 40 በመቶ ያህላል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ራም ያለው ሰው 25 ጊጋባይት የሚያህል ቦታ ለዚህ ብቻ ሊሄድበት ይችላልና፥ ባለ 128 ጊጋባይት ትንሽ ዲስክ ገዝቶ «ቦታ ወዴት ሄደ» እንዳይል፤ ወይ ሰፋ ያለ ዲስክ ይግዛ፥ ወይ ይህን እንቅልፍ ያዘጋው።

ሁለተኛው የመብራት ነገር ነው። የ32 ጊጋባይት ራም ምርመራ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ መብራት በመካከሉ ቢጠፋ ከመጀመሪያው ከመጀመር በቀር ጉዳት የለውም፤ ስለዚህ ማታ አስጀምሮ መተኛት ይቻላል። ዊንዶውስ በሚጫንበት ሰዓት ግን መብራት ቢሄድ ጭነቱ ተቋርጦ ዲስኩ በግማሽ የተጻፈ ሆኖ ሊቀር ይችላልና፥ ባትሪ የሌለው ኮምፒዩተር ከሆነ ዩፒኤስ ከጎረቤትም ቢሆን ተውሶ ማያያዝ፥ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪውን አስቀድሞ መሙላት ያስፈልጋል።